አሸነፍን ነው የሚባለው

ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ቅዳሜ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ለኮሎምበስ ከተማ ታክሲ ነጂ የገበያ ቀን ነው። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን በሜዳው ሲጫወት ከ100,000 በላይ ሰው ወደ አንድ ቦታ ይጎርፋል። ጠዋት ከሆቴል፣ ከአየር ማረፊያ፣ ከየሰፈሩ እየጫንክ ታደርሳለህ። ማታ ደግሞ የሰከረውን፣ ድምፁ የተዘጋውን፣ አንድ እግር ጫማ የጠፋበትን ወደመጣበት ትመልሳለህ። ሌን አቬኑ ይዘጋል። ሃይ ስትሪት አይላወስም። አቋራጭ የሚያውቅ ሹፌር በአንድ ቀን የሳምንቱን ይሠራል። እኔ አቋራጭ አውቃለሁ።

እንዲህ ስል አስራ አንድ ዓመት ሰው አመላለስኩ። በሩ ድረስ። ገብቼ ግን አላውቅም ነበር። የሰርግ ቤት በር ላይ መኪና እንደሚያስቆም ዘበኛ በሉኝ። ሙዚቃው ይሰማኛል፣ የሚወጣውን ሰው ፊት አያለሁ፣ ሙሽራዋን አላየኋትም።

በመጀመሪያው ዓመት አራት ጎረምሶች ጫንኩ። ፊታቸውን ቀይና ግራጫ ተቀብተዋል። ከኋላ የተቀመጠው አንዱ ድንገት "ኦ-ኤች!" ብሎ ጮኸና ዝም አለ። አራቱም ዝም ብለው በመስታወቱ ያዩኛል። መልስ እየጠበቁ ነው። የመንገድ ስም የነገረኝ መስሎኝ "ኦኬ" አልኩት። ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ የተሳቀው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ለካ "ኦ-ኤች" ላለህ ሰው "አይ-ኦ" ብለህ ትመልስለታለህ። ሁለቱ ሲገጥሙ የግዛቷ ስም ይሞላል። እዚህ የተወለደ ሕፃን "ማማ" ማለት እንደቻለ የሚማረው ነገር ነው።

ካወቅኩ በኋላም ግን አልመለስኩም። ፈገግ ብዬ እነዳለሁ። በእንግድነት የገባህበት ቤት በር ላይ ሰው መጥቶ "ቤቶች!" ሲል፣ አንተ ተነሥተህ "አቤት" አትልም። እንደዚያ ነው የተሰማኝ።

ዲቪ ደርሶን የመጣነው በፈረንጆቹ 2009 ነው። ልጄ ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። በ2024 ኦሃዮ ስቴት ገባች፤ ከዊትሆል ቤታችን ሃያ ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ። በዚያው ክረምት ሰፈራችን ያለ አይስክሬም ቤት ሠርታ ባገኘችው ገንዘብ ሁለት ቲኬት ገዛች። የአባቶች ቀን ስጦታ ነው አለችኝ። ቀኑን ሳየው ነሐሴ 25፣ ቅዳሜ። የዓመቱ የመጀመሪያ ጨዋታ።

"ቅዳሜ እኮ ሥራ ነው" አልኳት።

"አባዬ፣ አንድ ቅዳሜ ብቻ።"

በአማርኛ ነው ያለችው። ልጄ የምትፈልገው ነገር ሲኖር አማርኛዋ ይጠራል።

ስለ አማርኛ ካነሣሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ኋላ ይመጣል። ቤታችን ውስጥ የሚወራው አማርኛ ነው። ግሥ ሲበላሽ ደግሞ አርማለሁ። "እነሱ መጣ" ስትል "መጡ ነው የሚባለው" እላታለሁ። "እኛ በላ" ስትል "በላን ነው የሚባለው"። አስራ አምስት ዓመት ሙሉ። እራት ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ አንዳንዴም እያለቀሰች። ባለቤቴ "ልጅ ነው የምታሳድገው ወይስ ተማሪ ነው የምታስተምረው?" ትለኛለች። ልጄ እያደገች ስትመጣ "ነው የሚባለው" የምትለዋን ነገር በእኔ ድምፅ እያስመሰለች ታሾፍብኝ ጀመር።

ቅዳሜ ደረሰ። ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሼ ከክፍሌ ወጣሁ። ልጄ ስታየኝ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ሰማያዊና ቢጫ የሚሺጋን ቀለም ነው።

ሚሺጋን ኦሃዮን በሰሜን በኩል ታዋስናታለች። በ1835 ሁለቱ ጎረቤቶች በቶሌዶ ከተማ ዙሪያ ባለ ቁራሽ መሬት ተጣልተው ሚሊሻ እስከማሰለፍ ደርሰው ነበር። በመጨረሻ ቶሌዶ ለኦሃዮ ሆነች፣ ለሚሺጋን በካሳ መልክ ከሐይቁ ማዶ ያለው ሰፊ ምድር ተሰጣት። ታሪኩን የነገረኝ አንድ ሽማግሌ ተሳፋሪ ነው። እኔ የወሰን ጠብ እንዴት እንደሚያልቅ ከማውቅበት አገር ስለመጣሁ "ከዚያስ?" ብዬ ስጠብቅ "ከዚያማ በኳስ ቀጠልነው" አለኝ። አቤት መታደል።

ጠቡ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ሁለቱ በሚገናኙበት ሳምንት ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ "ኤም" የሚባለው ፊደል ባለበት ምልክት ሁሉ ላይ ቀይ ፕላስተር ይለጠፍበታል። ከ1951 እስከ 1978 ቡድኑን ያሠለጠነው ዉዲ ሄይስ ሚሺጋን የሚለውን ስም ላለመጥራት "ያ በሰሜን ያለው ትምህርት ቤት" ይል ነበር። ሚሺጋን ውስጥ ነዳጅ እያለቀበት እንኳ አልቀዳም፣ መኪናዋን ገፍቼም ቢሆን ወሰን አሻግራታለሁ አለ እየተባለ ይተረክለታል። ለታክሲ ነጂ ከዚህ የበለጠ የፍቅር ታሪክ የለም።

ሸሚዙን አወለቅኩ። ቀይ ልብስ የለኝም። ወንድሜ ከአዲስ አበባ የላከልኝን የቡና ማሊያ አወጣሁ። ልጄ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ይሁን፣ የባክአይ ፍሬ ትመስላለህ" አለች።

ባክአይ የኦሃዮ ዛፍ ነው። ፍሬው ቡናማና የሚያብለጨልጭ ነው፣ አንድ ጎኑ ላይ ነጣ ያለ ክብ አለው። የአጋዘን ዓይን ይመስላል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። አይበላም፣ ይመርዛል። ግን ለዕድል ብለው ኪሳቸው ይከቱታል። የኦሃዮ ሰዎች ራሳቸውን የሚጠሩትም በዚሁ ፍሬ ስም ነው። የማይበላ ፍሬ ስም ለራሱ ያወጣ ሕዝብ ሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም። ደጋፊዎቹ ፍሬውን በክር ሰክተው አንገታቸው ላይ ያጠልቁታል። ከሩቅ ሳየው ሁልጊዜ መቁጠሪያ ይመስለኛል።

በሩ ላይ ቆሎዬ ተያዘ። ቡና ሲጫወት ሚስማር ተራ ቁጭ ብሎ ያደገ ሰው ቆሎ ሳይዝ ኳስ አያይም። ጠባቂዋ የፕላስቲክ ከረጢቷን አንሥታ ወደ ብርሃን አሳየቻት። ገብስ፣ ሽምብራ፣ ሱፍ። "ምግብ አይገባም። ወይ እዚሁ ጨርሰው፣ ወይ ጣለው" አለችኝ። መጣል አይሆንልኝም። ከሰልፉ ወጥቼ እዚያው አጥሩ ስር ቆሜ መቆርጠም ጀመርኩ። ልጄ በመጀመሪያ አፈረች፣ ከዚያ እጇን ዘረጋች። ከጎናችን ፊቷን የተቀባች ሴትዮ ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ እፍኝ ሰጠኋት። ባሏም ተቀበለ። ከረጢቷ ባዶ ስትሆን አምስት ስድስት የማላውቃቸው ቀይ ለባሾች ቆሜ ጋብዤ ነበር።

መቀመጫችን ሲ ዴክ ነው፣ ላይኛው ፎቅ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ደረጃውን ስጨርስ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ ቀና ስል ግን ጉልበቴን ረሳሁት። አስራ አንድ ዓመት ከውጭ ያየሁት የሲሚንቶ ግድግዳ ከውስጥ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ቀይ ገደል ነው። 102,780 ሰው ይይዛል። ወደ ሦስት የአዲስ አበባ ስታዲየም ገደማ መሆኑ ነው። የተከፈተው በ1922 ነው፤ ባስመረቁበት ቀን ግጥሚያው ከማን ጋር እንደነበር ገምቱ። ሚሺጋን 19 ለ 0 ረትቶ ሄደ። ሰርጋቸው ላይ የተገረፉ ሰዎች መቶ ዓመት ቢያኮርፉ አይፈረድባቸውም።

ከዚያ በፊት ግን ውጭ አንድ ቦታ ላይ ቆመናል። ስታዲየሙ አጠገብ የጄሲ ኦውንስ መታሰቢያ አለ። አበበ ቢቂላን እያነሣሳ ላሳደገኝ ቤተሰብ ኦውንስ ባዕድ ስም አይደለም። አባቴ ሁለቱን አከታትሎ ነበር የሚጠራቸው፤ የበርሊኑና የሮሙ እያለ። ኦውንስ የአላባማ ልጅ ነው። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ኦሃዮ መጣ። ኦሃዮ ስቴት ሲማር ጥቁር በመሆኑ ግቢው ውስጥ ማደር አልተፈቀደለትም። እየሠራ ነበር የሚማረው፤ የግዛቷ ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ የጭነት ሊፍት ሳይቀር አንቀሳቅሷል። በ1936 በርሊን ላይ አራት ወርቅ አመጣ። በኋላ በዚህ ስታዲየም ሜዳ ዙሪያ የነበረው የሩጫ መም በስሙ ተጠራ፤ ስታዲየሙ ሲታደስ መሙ ተነሣ። ልጄ ፎቶ ልታነሣኝ ስትል ማሊያዬን አስተካከልኩ። ማደሪያ የከለከለችውን አገር አኩርቶ ሄደ። እኔን ማንም ማደሪያ አልከለከለኝም፣ ግን አኮርፌ በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ይሄን ለልጄ አልነገርኳትም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ባንዱ ገባ። ሁሉም ነሐስና ከበሮ ነው፤ ክላርኔት የለም፣ ዋሽንት የለም። በትር የያዘው መሪያቸው ሮጦ ሜዳው መሐል ደረሰና ወደ ኋላ ተለመጠ፣ ተለመጠ፣ ወገቡ ሊሰበር ነው ስል የባርኔጣው ላባ መሬት ነካ። ከዚያ ሁለት መቶ ያህል ሰው በአንድ መስመር እየተከተለው መጻፍ ጀመሩ። አዎ፣ መጻፍ። በሰው ቀለም፣ በቅጥልጥል ጽሕፈት፣ ሜዳውን ሙሉ "ኦሃዮ" ብለው። መስመሩ ይጠመዘዛል፣ ራሱን ያቋርጣል፣ ሁለት ሰልፈኛ ሊጋጭ ነው ስትል በመሐል ያልፋል። ስካን ሲደረግ እንደሚወጣ ጽሑፍ ቀስ እያለ ይነበባል። ይሄን የጀመሩት በ1936 ነው፤ ኦውንስ ከበርሊን በተመለሰበት በዚያው ዓመት።

አንድ ነገር ቀረ። የ"አይ" ነጥብ። ልጄ ክንዴን ያዘች። ከሰልፉ ጫፍ ሱዛፎን የሚባለውን፣ ሰውነት ላይ የሚጠመጠመውን ግዙፍ ጥሩንባ የተሸከመ ልጅ ከመሪው ጋር እየተንጎራደደ ወጣ። ቦታው ላይ ደርሶ ቆመ። ያን ሁሉ ነሐስ እንደተሸከመ ባርኔጣውን አውልቆ ለዚህም ለዚያም ወገን እጅ ነሣ። የሆነው ይኸው ነው። አንድ ልጅ ነጥብ ሆነ። መቶ ሺህ ሰው ቆሞ ጮኸ። ይህ ክብር ለመጨረሻ ዘመን ተማሪ ነው የሚሰጠው፤ ዓመታት ጥሩንባ ተሸክሞ አንድ ቀን ነጥብ ለመሆን። የእኛ ፊደል "አይ" ላይ ነጥብ የለውም፤ እኔ ግን ዓይኔን ጠረግኩ። ፀሐዩ ነው አልኳት።

ጨዋታው ራሱ? በእጅ እየያዙት ለምን የእግር ኳስ ይሉታል የሚለውን ቀልድ ልተወው፤ አስራ አምስት ዓመት ሰምቼዋለሁ። ነገሩ የመሬት ጉዳይ ነው። አራት ጊዜ ትሞክራለህ፣ አስር ያርድ ካልገፋህ ለሌላው ትለቃለህ። መድረስ አለመድረሱ ሲያጠራጥር ሁለት ሰዎች ሰንሰለት ይዘው ሮጠው ይመጣሉ፣ ይወጥሩታል፣ ዳኛው ያጎነብሳል። የቀበሌ መሬት ለኪ ትዝ አለኝ። አጥርህ ግማሽ ክንድ ወጥቷል ተብሎ ሲለካ ሰፈሩ በሙሉ እንደሚያፈጥ፣ እዚህም መቶ ሺህ ሰው በአንድ ሰንሰለት ላይ ያፈጣል። ይሄን ካየሁ በኋላ ሌላው ገባኝ።

የዚያን ቀን ተጋጣሚ አክሮን ነበር። እሱም የኦሃዮ ቡድን ነው፣ የጎማዋ ከተማ ልጆች። ምልክታቸው ካንጋሮ ነው። ጠንከር ብለው ጀመሩና ኋላ ላይ ተዘረገፉ። አራት ቁጥር የለበሰ፣ ጄረማያ ስሚዝ የሚባል የ18 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ ሁለት ተችዳውን፣ የእነሱን ጎል፣ አገባ። ኳሷ ከላይ ስትመጣ እጁን እንደሚዘረጋ ሳይሆን እጁ ራሱ እንደሚጠራት ነበር።

"የኮሎምበስ ልጅ ነው?" አልኳት።

"የፍሎሪዳ።"

"ኳሷን የሚያከፋፍለውስ?"

ኳርተርባኩ ዊል ሃዋርድ የፔንሲልቫኒያ ልጅ ነው፤ ካንሳስ ስቴት ሲጫወት ቆይቶ በዚያው ዓመት ነው የመጣው። አሠልጣኙ ራየን ዴይ ከኒው ሃምፕሻየር።

"እና ሁሉም መጤ ነዋ!" አልኩ።

"ዲቪ ደርሷቸው ነው" አለች፣ ዓይኗን ከሜዳው ሳትነቅል።

ከጎኔ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰውዬ ተቀምጧል። አንገቱ ላይ ያ መቁጠሪያ የሚመስለው ፍሬ አለ። በእረፍት ሰዓት ዞር ብሎ "ከየት ነው የመጣችሁት?" አለኝ። ይቺን ጥያቄ በታክሲ ሥራ በቀን አስር ጊዜ እሰማታለሁ። ሁለት ክፍል አላት። መጀመሪያ "ከየት ነህ?"፣ ከኮሎምበስ ስትል ደግሞ "እሱስ ይሁን፣ ከመጀመሪያው ከየት?"። ሁለተኛዋን ለመቀበል ተዘጋጅቼ "ከዊትሆል" አልኩት።

"ዊትሆል!" አለ። ፊቱ በራ። "ያቺ የዶናት ቤት አሁንም አለች?"

የትኛዋን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሌሊት አስር ሰዓት ላይ የአየር ማረፊያ ሥራ ያለብን ነጂዎች ቡና የምንቀዳባት ናት። አለች አልኩት። ወጣት ሳለ እዚያ አካባቢ ይሠራ እንደነበር፣ ጠዋት ጠዋት ትኩሱ ሲወጣ መስኮቱን እንደሚያንኳኳ ነገረኝ። አሁን ከፊት ለፊት ነው የሚሸጡት አልኩት። ዋጋ ጠየቀኝ። ነገርኩት። አማተበ ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ጥያቄ ሳይመጣ ባንዱ ተመለሰ።

52 ለ 6 አለቀ። ሰው ሁሉ ተነሥቶ፣ ተጫዋቾቹም ሜዳው ላይ ተደርድረው፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ አቅፎ የዩኒቨርሲቲውን መዝሙር ዘመረ። የሰውዬው ክንድ ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ የፀሐይ ቅባትና የሰናፍጭ ሽታ አለው። ቃሉን ስለማላውቀው ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግዕዙ ያመለጠው ሰው እንደሚያደርገው።

ወደ ውጭ ስንወጣ የድሉ ደወል ይደወል ነበር። ወንዙ ላይ ያለውን ድልድይ እየተሻገርን ባለቤቴ ደወለች። እንዴት ነበር አለችኝ።

"አሸነፉ" አልኳት። "52 ለ 6።"

"አሸነፍን" አለች ልጄ ከጎኔ።

"ምን?"

"አሸነፍን ነው የሚባለው።"

በእኔ ድምፅ ነው ያለችው። በእራት ሰዓቱ ድምፅ። እኔ እኮ አልተጫወትኩም አልኳት። "እኔስ ተጫውቻለሁ?" አለችኝ። ባለቤቴ ስልኩ ውስጥ ትስቃለች። እንግሊዝኛ "እኛ"ን ለብቻዋ አውጥቶ ያስቀምጣታል፤ አማርኛ ግሡ ጫፍ ላይ አንዲት "ን" ያንጠለጥላል፣ ሳታስበው ታመልጥሃለች ወይም ሳታስበው ትቀራለች። ለእኔ ያን ቀን ቀርታለች።

ከዚያ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ አደርሳለሁ። ልዩነቱ ሬዲዮ መክፈቴ ነው።

ኅዳር 21 ሚሺጋን መጣ። ጽዮን ነበረች። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድሬ፣ ጠዋት ትንሽ ጋደም ብዬ ወጣሁ። ጨዋታው የተጀመረው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ኦሃዮ ስቴት ሦስት ዓመት በተከታታይ በሚሺጋን ተረቷል፤ ዘንድሮ ግን የማይቀር ነው ተባለ፤ ውርርዱም ግምቱም ወደዚህ ያዘነብላል። እኔ መኪናዋን አንድ የነዳጅ ማደያ ጎን አቁሜ ሬዲዮ እሰማለሁ። 10 ለ 10። 45 ሴኮንድ ሲቀር ሚሺጋን በእግር መትቶ ሦስት ነጥብ ጨመረ። 13 ለ 10። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሜዳው መሐል ባንዲራ ሊተክሉ ሲሉ ድብድብ ተነሣ፣ ፖሊስ በርበሬ ረጨ። ሬዲዮውን ዘጋሁት።

ልጄን ከግቢው በር ላይ አነሣኋት። ከኋላ ገባች። ከኋላ የምትገባው ስታዝን ነው። ሃይ ስትሪት ላይ ከአምስት ደቂቃ በላይ ቆመን ማንም ክላክስ አላደረገም፤ ያን ያህል ሰው ያን ያህል ዝም ብሎ ሲሄድ ያየሁት ከቀብር ሲመለስ ብቻ ነው።

ስልኬ ጠራ። የአክስቴ ልጅ ነው። ሚሺጋን ውስጥ፣ ዲትሮይት አካባቢ ሃያ ዓመት የኖረ፣ ስለ ፉትቦል አንድም ቀን አንሥቶልኝ የማያውቅ ሰው።

"እንዴት ዋላችሁ? ምነው ኮሎምበስ ጭር አለች?"

"ተወን ባክህ" አልኩት። "ተሸነፍን።"

"እናንተ? ከመቼ ጀምሮ?"

ዘጋሁበት። ቀና ስል ልጄ በመስታወቱ ታየኛለች። ምንም አላረመችኝም።

ያን ሳምንት ተሳፋሪው ሁሉ አሠልጣኙ ይባረር ይል ነበር። እኔም አልኩ። ግን አላባረሩትም፤ ቡድኑም በማጣሪያው ቴኔሲን፣ ኦሪጎንን፣ ቴክሳስን ተራ በተራ እየረታ ፍጻሜ ደረሰ። እኔ ደግሞ ለጥምቀት አዲስ አበባ ገብቻለሁ። ፍጻሜው አትላንታ ላይ ከኖትር ዴም ጋር ነው፤ በእኛ ሰዓት ጥር 12 ለ 13 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ሳሪስ፣ ወንድሜ ቤት፣ ሳሎን ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቤ በስልክ አያለሁ። ውጭ ውሻ ይጮኻል። 31 ለ 7 ስንመራ ሻይ አፈላሁ። 31 ለ 23 ሲሆን ኔትወርኩ ሄደ።

ተመልሶ ሲመጣ ቪዲዮው አልከፍት አለ፣ ጥሪ ብቻ ገባ። ልጄ ናት። "አባዬ፣ እኔ እነግርሃለሁ" አለች። ሦስተኛ ሙከራ፣ አስራ አንድ ያርድ ይቀራል። የሰው ጫጫታ ይሰማል። ከዚያ፣ "ወረወረ... ረጅም ነው... ያዘው! ያዘው! አራት ቁጥር!" የፍሎሪዳው ልጅ ነው። አማርኛዋ አንድም ቦታ አልተበላሸም። 34 ለ 23።

እኔ ምን ብዬ እንደጮህኩ አላስታውስም። ወንድሜ በጨለማ ከመኝታ ቤት ዱላ ይዞ ወጣ። "ማን ሞተ?" አለኝ።

ከሳምንት በኋላ ቦሌ ሸኘኝ። መግቢያው ላይ ሰልፉ ረጅም ነው። ወንድሜ ሻንጣውን ይዞልኛል፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምጥን፣ እህቴ ያስጨመረችው ጭኮ፣ መዝኑ ከፈቀደው በላይ። ከፊታችን አስር ሰው ያህል አልፎ አንድ ፈረንጅ ቆሟል። ጀርባው ላይ ትልቅ ቦርሳ፣ ራሱ ላይ ቀይ ኮፍያ። ኮፍያው ላይ "ኦ" አለ።

አፌ ቀደመኝ። "ኦ-ኤች!" አልኩ፣ ሰልፉ በሙሉ እስኪዞር ድረስ።

ሰውዬው ሳይዞር ሁለት እጁን ወደ ላይ ወረወረ። "አይ-ኦ!"

ከዚያ ዞሮ ፈለገኝ። አውራ ጣቴን አሳየሁት። ሳቀ። ሰልፉ አንድ እርምጃ ሄደ።

"ታውቀዋለህ?" አለኝ ወንድሜ።

"አላውቀውም።"

"ታዲያ?"

"ያገሬ ልጅ ነው።"

ወንድሜ ሰውዬውን አየው። እኔን አየኝ። ከዚያ ሻንጣውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠና "እንግዲያው በርበሬውን እሱ ይሸከምልህ" አለኝ።